የማታው ድምር

ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ጣልያን በሠራው ቤት፣
ሦስተኛው በር ላይ «ማኅደር» የሚል ጽሕፈት፤
እዚያ ነው ወንበሬ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
የስምንት ሺህ ሰው አጥር በኔ ጣት የሚመዘገብ።

ከኔ በፊት ጋሼ ልሳነወርቅ ነበሩ፣
ከሳሙና በር በእግር እየመጡ የሚሠሩ፤
በልጅነት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ያደሩ፣
ኋላ ከቅዳሴ ቃል ወደ ካሬ ሜትር የዞሩ።
ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው
አዲሱን ኮምፒውተር በመነጽራቸው
አሻግረው አዩና ወረቀት አነሡ።
«አንብቢው።»
«ሰጠ።»
ብዕራቸው ከፊደሉ አናት ትንኝ የምታክል ጭረት አስቀመጠ።
«አሁንስ?»
«ሸጠ።»

«አየሽ፣ አጎት ለእህቱ ልጅ የሰጠው ጓሮ
በአንዲት ጭረት ተሸጠ፤ ባለቤቱ ቀረ ተባሮ።
አጥር ሳይዘል፣ ቁልፍ ሳይሰብር፣
ሌባው ምንም ሳይወስድ፣ እንዲያውም ሲጨምር!
ብራና ቢሆን ያሳብቃል፤ የተፋቀ ቆዳ ይሻክራል፣
የዛሬ ቀለም ከትናንቱ ይጠቁራል።
ይኸ ግን…» በጥፍራቸው መስታወቱን ኳ አደረጉ፣
«ቁስል እንጂ ጠባሳ የለው፤ የሐሰትና የእውነት አንድ ነው ማዕረጉ።»

ልማዱን አወረሱኝ።
ማታ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ለየፊደሉ ቁጥር ሰጥቼ፣
ስፋቱን፣ ስሙን፣ ቃሉን በአንድ መስመር ደምሬ አውጥቼ፣
ድምሩን በደብተር ጽፌ ለዘበኛው ለአቶ ዳምጤ እሰጣለሁ፤
«ቁልፍና ምስክር በአንድ ኪስ አይደር» ብለውኝ ነበር።
ጠዋት እንደገና እደምራለሁ።
ከገጠመ፣ ሥራ።

ስድስት ዓመት ገጠመ።

የመጋቢት ማክሰኞ ግን አልገጠመም።
በጥቂት ነው፤ እፍኝ እንኳ አይሞላም።
ግን አልገጠመም።

ይበልጣልን ጠረጠርኩ፣ አዲሱን ሠራተኛ፣ ዐይኑ የማያርፍ፤
ደላላውን ጠረጠርኩ፣ «ሻይ ልጋብዝሽ» እያለ በበሬ የሚያልፍ፤
የሩቅ ጠላትም አማረኝ፣ ስም የለሽ፣ ፊት የለሽ፣
የቅርቡ ያስፈራልና።
ምሳ ሳልበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት
ምስር እንደሚለቅም ሰው ፋይል በፋይል ወረድኩ።
ወይዘሮ እናኑ ታከለ። ከአንገረብ ማዶ። ሁለት መቶ አርባ ካሬ።
«አጎቷ ሸጠ» ይላል።
ዋናው ወረቀት ግን «ሰጠ»።

ማን ነካው? ብዬ ማሽኑን ጠየቅሁ።
ሰኞ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል ወዲያ፤ የነካው ሰው ስም፦
አትጠገብ ዋሴ።

እኔ።

ትዝ አለኝ። ደብተሩን አስረክቤ፣ ቦርሳዬን አንግቤ፣
ሴትዮዋ ራሷ በር ላይ አገኘችኝ፦
«የስልክ ቁጥሬን ብቻ፣ በሞቴ!»
ስልክ ከድምሩ አይገባም፣ ምን አለበት፣ ብዬ ተመለስኩ።
መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠቀሰ፤ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ፤
አንዲት ጣቴ ከጎን ቁልፍ ላይ ተንሸራትታ
ሰው ከጓሮው አስወጣች።
ሌባ አልነበረም የመጣው። ቸርነት ነው፣ ከነጥድፊያው።

ማንም አላየኝ። «ሸ»ን ወደ «ሰ» ብመልሳት
ድምሩ ይገጥማል፤ ዝምታውም ይገጥማል።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።

ጋሼ ልሳነወርቅ ግን የሳቱትን አይፍቁም ነበር፤
መስመር አስምረውበት እውነቱን ከጎኑ ያስቀምጡ ነበር፣
ሁለቱም እንዲነበብ።
ከሥሩ ጻፍኩ፦ «‹ሸጠ› የተባለው ‹ሰጠ› ይባል።
የሳተችው፣ ያረመችውም፣ አትጠገብ ዋሴ። መጋቢት ዐሥር።»

ለወይዘሮ እናኑ ደወልኩ፣ በዚያው ባስተካከልኩት ቁጥር።
ሁሉን ነገርኳት። ብዙ አልገባትም መሰለኝ፤
«ታዲያ ጓሮዬ አለ?»
«አለ።»
«እሰይ» ብላ ዘጋችው።

ማታ አቶ ዳምጤ ደብተሩን በባትሪው ብርሃን አየው፤
«ዛሬስ ቁጥሩ ከትናንቱ ጨመረ» አለኝ።
«አዎ» አልኩት፣
«ስሜ ገብቶበት ነው።»